ስሙን ጽፈው ክቡን ካላጠቆሩ፦ ስለ ራይት-ኢን ድምፅ

ጥያቄ፦ «ዜግነት ካገኘሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ባለፈው ምርጫ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ ቤት መጣልኝ። ፊትና ጀርባው ከፕሬዚዳንት እስከ ዳኛና ትምህርት ቦርድ ድረስ በስም የተሞላ ነው። አንድ የአገራችን ልጅ ለትምህርት ቦርድ ስለሚወዳደር፣ ስሙ ወረቀቱ ላይ ባይኖርም ጻፉለት ተባልን። እኔም ባዶው መስመር ላይ ስሙን በአማርኛ ጻፍኩ፤ አጠገቡ ያለችውን ክብ ግን አላጠቆርኩም። ዳኞቹን ስለማላውቃቸው ባዶ ተውኳቸው። ልጄ ‹እማዬ፣ ወረቀትሽ በሙሉ ውድቅ ሆኗል› አለችኝ። እውነት ነው? ለሚቀጥለውስ እንዴት ላድርግ?»

መልስ፦

ወረቀትዎ በሙሉ ውድቅ አይሆንም፤ በዚህ ልጅዎ ተሳስታለች። ለፕሬዚዳንት፣ ለሴኔትና ለሌሎቹ በትክክል ያጠቆሩት ሁሉ ይቆጠራል። ለትምህርት ቦርዱ በእጅዎ የጻፉት ስም (ራይት-ኢን የሚባለው ይህ ነው፤ ስሙ ያልታተመን ሰው ባዶው መስመር ላይ ጽፎ መምረጥ) ግን ለዕጩው የደረሰለት አይመስለኝም። ምክንያቱ ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ሦስተኛም ሊኖር ይችላል፤ በእሱ ግን የሚጠየቀው ዕጩው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ባዶ የተዉትን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው፤ ብዙ ሰው የሚጨነቀው በእሱ ነውና። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ወረቀት ላይ ያለ እያንዳንዱ ውድድር የሚቆጠረው ለብቻው ነው። ሃያ ውድድር ቢኖርና እርስዎ በሦስቱ ብቻ ድምፅ ቢሰጡ፣ ሦስቱ ይቆጠራሉ፤ አሥራ ሰባቱ ይታለፋሉ። ቅጣት የለውም። የማያውቁትን ዳኛ መዝለል ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ስሙ ደስ ስላለ ብቻ ከመምረጥ ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱን ውድድር ቢያበላሹም የሚበላሸው ያው አንዱ ነው። ወረቀቱን በሙሉ አደጋ ላይ የሚጥለው ሌላ ነገር ነው፤ የእርስዎን ማንነት የሚያሳይ ምልክት። የአገራችን ሰው ሰነድ ሲያይ እጁ ወደ ፊርማ ይሄዳል። ድምፅ ምስጢር ስለሆነ፣ የራስዎን ስም ወይም ፊርማ ወረቀቱ ላይ ቢያኖሩ በአንዳንድ ስቴቶች ወረቀቱ ሊጣል ይችላል። ፊርማዎ የሚፈለገው በመመለሻው ፖስታ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ክቡ። ማትሪክ የተፈተነ ሰው ሁሉ «ማጥቆር» ምን እንደሆነ ያውቃል። መልሱን ጥያቄው ላይ አሥር ጊዜ ቢያከብቡትም መልስ መስጫው ላይ ካላጠቆሩት ማሽኑ አያየውም። እዚህም እንደዚያው ነው። ወረቀትዎን መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሳይሆን ስካነር ነው። ስካነሩ የእጅ ጽሑፍ ለማንበብ አልተሠራም፤ የሚያውቀው የጠቆረና ያልጠቆረ ብቻ ነው። ከባዶው መስመር አጠገብ ያለችው ሞላላ ክብ ከጠቆረች «ይህን ሰው ያንብበው» ብሎ ይለየዋል። ካልጠቆረች ውድድሩ እንደተዘለለ ቆጥሮ ያልፋል፤ መስመሩ ላይ የቱንም ያህል ባማረ የእጅ ጽሑፍ ስም ቢኖር።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ሥጋት አይደለም። በ2004 (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በካሊፎርኒያዋ ሳንዲያጎ ዶና ፍራይ የተባለች የከተማው ምክር ቤት አባል፣ ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት በራይት-ኢን ለከንቲባነት ገባች። በ2,108 ድምፅ ተሸነፈች። ኋላ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ከ5,500 የሚበልጡ መራጮች ስሟን ጽፈው ክቡን ሳያጠቁሩ ማለፋቸው ተገኘ። ፍላጎታቸው ለማንም ግልጽ ነበር። የስቴቱ ሕግ ግን ክቡ መጥቆር አለበት ስለሚል ድምፃቸው አልተቆጠረም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶም አልተለወጠም። ከዚህ ላላ ያለ ሕግ ያላቸው ስቴቶች አሉ፤ በተለይ በእጅ በሚደረግ ዳግም ቆጠራ ጊዜ የመራጩን ሐሳብ ከጽሑፉ ይረዳሉ። በዚያ ተስፋ ላይ ግን ድምፅዎን አያሳርፉ።

ሁለተኛው ምክንያት ፊደሉ ነው። በፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ የድምፅ መስጫ ወረቀት በቋንቋቸው እንዲቀርብላቸው የሚያስገድደው ድንጋጌ የሚጠቅሰው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ተወላጆችን፣ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦችና የአላስካ ተወላጆችን ነው። አማርኛ የለበትም። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት አማርኛ ትርጉም እዚያ ያገኛሉ፤ የዲሲ ዘመድዎ «እኛ ጋ እኮ በአማርኛ አለ» ቢልዎት ውሸቱን አይደለም። እርስዎ ግን ያሉት ድንበሩን ተሻግረው ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ከትርጉም ይለያል። ስም የሚያነበው ሠራተኛ የሚያመሳክረው በላቲን ፊደል ከተመዘገበው ዝርዝር ጋር ነው። «ፀጋዬ» ብለው በፊደላችን ቢጽፉ አማርኛ ከሚያነብ ሰው እጅ ይገባል ብለው አይቁጠሩ።

እንግዲህ በላቲን እንጻፈው ስንል ደግሞ የራሳችን ጣጣ ይመጣል። «ፀ»ን አንዱ በቲና በኤስ ይጽፋታል፣ ሌላው በቲና በዜድ፣ ሌላው በኤስ ብቻ። «ቀ» ለአንዱ ኪው ናት፣ ለሌላው ኬይ። «ኃይለ» በአይ ይጻፍ በዋይ ወንድማማቾች እንኳ አይስማሙም፤ ፓስፖርታቸውን ያወጣላቸው ጸሐፊ እንደጻፈው ቀርቷል። ታዲያ ፊደል ቢሳሳት ድምፁ ይወድቃል? በአብዛኛው አይወድቅም፤ ለዚህ ከሁሉ የሚጠቀሰው የአላስካው ጉዳይ ነው። በ2010 ሴናተር ሊዛ መርካውስኪ በፓርቲዋ ቅድመ ምርጫ በጆ ሚለር ተሸነፈች። ቤቷ አልተቀመጠችም፤ በራይት-ኢን ተመልሳ ገባች። የአባቷ ስም ለአሜሪካኖቹም ምላስ የሚያደናቅፍ ነው። ዘመቻዋ ስሟ የታተመበት የእጅ አምባር እያደለ፣ በማስታወቂያም ፊደል እያስቆጠረ መራጩን አስጠናው። 101,091 ድምፅ አግኝታ ሚለርን ከ10,000 በላይ በለጠችው። የሚለር ወገን ከ8,000 በላይ ወረቀቶችን በፊደል ስህተትና በመሰል ምክንያት ተቃወመ፤ የአላስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን የመራጩ ሐሳብ ግልጽ እስከሆነ ድረስ የፊደል ግድፈት ድምፅ አይጥልም ብሎ ወሰነ።

ከዚህ ፍርድ የአገራችንን ሰው የሚያመልጠው አንድ ነገር አለ። የአላስካ ሕግ የዕጩውን ሙሉ ስም ወይም የመጨረሻ ስሙን ነው የሚጠይቀው። እኛ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱን ስም የምናውቀው ለቅሶ ቤት ወይም ፍርድ ቤት ስንሄድ ነው። ቆጣሪው ፊት «ዳዊት» ብቻ የሚል ወረቀት ቢመጣ፣ ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ዕጩው በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ተመዝግቦ ቢገኝ፣ ያቺ ድምፅ ክርክር ውስጥ ትገባለች። «አቶ ዳዊት» ብለው ማክበርዎም አይረዳም። የራሱን ስምና የመጨረሻ ስሙን፣ በተመዘገበበት ቅደም ተከተል፣ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጻፉ። ቅጽል ስም፣ የሰፈር ስም፣ «ጋሼ» የሚባል ነገር አይግባበት።

ሦስተኛው የዕጩው ድርሻ ነው፤ ተመዝግቧል ወይ? ብዙ ሰው ባዶው መስመር የፈለጉትን ስም የሚቀበል ይመስለዋል። በሜሪላንድ የራይት-ኢን ተወዳዳሪ ከምርጫው በፊት የዕጩነት ሰነድ ማስገባት አለበት። ካላስገባ በስሙ የተጻፈው ሁሉ «ሌሎች» በሚል ጥቅል ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ድልድዩን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ሕጉ ሌላ ነው፤ ከፕሬዚዳንቱ ውድድር በስተቀር ቅድመ ምዝገባ አይጠየቅም፣ በቅድመ ምርጫ (ፕራይመሪ) ግን ራይት-ኢን ጭራሽ የለም። ቴክሳስ ምርጫው 78 ቀን ሲቀረው መዝገቡን ይዘጋል። ጆርጂያ ማሳወቂያው በጋዜጣ እንዲወጣ ጭምር ታዛለች። ሚኒሶታ ለስቴትና ለፌዴራል ሥልጣን የሚወዳደር ሰው ምርጫው አንድ ሳምንት እስኪቀረው ድረስ «ድምፄ ይቆጠርልኝ» ብሎ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ትፈልጋለች። በካሊፎርኒያ እንደ ገዥነትና ምክር ቤት ባሉት ውድድሮች ከቅድመ ምርጫ ሁለት ሰዎች ብቻ ስለሚያልፉ፣ በጠቅላላው ምርጫ በእጅ መጻፍ አይቻልም። ሃዋይ፣ ኔቫዳ፣ ኦክላሆማ፣ ሳውዝ ዳኮታና ሉዊዚያና ጨርሶ አይፈቅዱም፤ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1992 የሃዋይን ክልከላ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል። ስለዚህ አትላንታ ያለ ዘመድዎ በስልክ የነገረዎት ለእርስዎ አይሠራም፤ የእርስዎም ለእሱ።

ወረቀቱ ፊትና ጀርባው በስም የተሞላው ለምን እንደሆነ ቢገርምዎ፣ ነገሩ የቆየ ነው። አሜሪካኖቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዳኛውንም፣ ሸሪፉንም፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊውንም በምርጫ ማድረግ ወደዱ፤ እስከ ዛሬም አልተዉትም። ድሮ መራጩ ፓርቲው አትሞ የሰጠውን ወረቀት ነበር ሳጥን ውስጥ የሚከተው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወረቀቱን መንግሥት ማተም ሲጀምር «ከታተመው ውጭ ሰው ብፈልግስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ ባዶዋ መስመር የተተወችው ለዚያ ነው። ወረቀቱን እናሳጥረው ብለው የተነሡም ነበሩ፤ ውድሮ ዊልሰን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት የዚያ ንቅናቄ መሪ ነበር። አልተሳካላቸውም። ቴክሳስ፣ ሂውስተን ያሉ ወገኖቻችን በአንድ ምርጫ ብቻ በደርዘን የሚቆጠሩ የዳኝነት ውድድሮች ይቀርቡላቸዋል።

ርዝመቱ ራይት-ኢንን የሚጎዳው በድካም በኩል ነው። ሰው ከላይ ያለውን በጥንቃቄ ይሞላል፤ ወደ ታች ሲወርድ ይዝላል፤ ጀርባውን ሳይገለብጥ የሚልክም አለ። ትምህርት ቦርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ታች ወይም ጀርባ ላይ ነው። በ2018 በፍሎሪዳዋ ብራዋርድ ካውንቲ የሴኔቱ ውድድር ከመመሪያው ሥር ጥግ ላይ ስለታተመ፣ ለገዥ ድምፅ ሰጥተው የሴኔቱን የዘለሉ መራጮች ከ20 ሺህ በላይ ነበሩ። ውድድሩ በመላው ስቴት ያለቀው ደግሞ በ10 ሺህ አካባቢ ልዩነት ነው። ስሙ በታተመ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ስሙ ጭራሽ ያልታተመውን ያስቡት።

ሌላው ወጥመድ ከሚገባው በላይ መምረጥ ነው። አንድ ሰው ብቻ በሚመረጥበት ውድድር የታተመ ስም አጥቁረው፣ ከሥር ደግሞ ሌላ ስም ቢጽፉና ክቡን ቢያጠቁሩ ሁለት ሰው መረጡ ማለት ነው፤ ሁለቱም አይቆጠሩም። ለሁለቱም ደስ ይበላቸው ብሎ ነገር የለም። በእርስዎ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ መላው ካውንቲ በጋራ ለሚመርጣቸው የምክር ቤቱ መቀመጫዎች እስከ አራት ሰው ይመረጣል። እዚያ ሦስት የታተሙ አጥቁረው አንድ በእጅ መጻፍ ይችላሉ፤ አራት አጥቁረው አምስተኛ ቢጨምሩ ግን የዚያ ውድድር ድምፅዎ በሙሉ ይጠፋል። በእጅ የተጻፈው ስም ከተፈቀደው ቁጥር አንዱን ይበላል እንጂ ተጨማሪ አይደለም።

በስክሪን ለሚመርጥ ሰው ችግሩ መልኩን ይቀይራል። በ2006 የቴክሳሱ የኮንግረስ ሰው ቶም ዲሌይ ከውድድሩ ሲወጣ ፓርቲው ሌላ ስም ማሳተም አልቻለም፤ ሼሊ ሴኩላ-ጊብስን በራይት-ኢን አቀረበ። መራጩ ማሽኑ ላይ ያለውን መዘውር እያሽከረከረ የዚያን ረጅም ስም ፊደል አንድ በአንድ መልቀም ነበረበት። ወደ 42 ከመቶ አግኝታ ተሸነፈች። የሚገርመው፣ በዚያው ቀን ከዲሌይ የሥልጣን ዘመን ለቀሩት ጥቂት ሳምንታት በተደረገው የማሟያ ምርጫ ስሟ ታትሞ ነበርና አሸነፈች። ዋናው ተቀናቃኟ በማሟያው አለመወዳደሩን አልሸሽግም፤ ቢሆንም በታተመና በሚጻፍ ስም መካከል ያለውን ርቀት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቀን አላውቅም።

ልጆች «የባከነ ድምፅ ነው» የሚሉትስ? ያሸነፉ አሉ። የዲሲው ከንቲባ አንቶኒ ዊሊያምስ በ2002 የድጋፍ ፊርማዎቹ ውስጥ ብዙ ሐሰተኛ ስለተገኘ ከወረቀቱ ተሰርዞ፣ የዴሞክራቶቹን ቅድመ ምርጫ በእጅ በተጻፈ ስም አሸንፏል። በዲትሮይት ማይክ ዱጋን በ2013 በነዋሪነት ጊዜ ክርክር ከወረቀቱ ወጥቶ ቅድመ ምርጫውን አሸነፈ፤ ያውም ስሙ ከእሱ ጋር የሚመሳሰል አንድ ፀጉር አስተካካይ በራይት-ኢን ተመዝግቦ ሳለ፣ ቆጣሪዎችም ድምፁን የመዘገቡበት መንገድ ጭቅጭቅ አስነሥቶ ሳለ። በ2021 የኒውዮርኳ በፋሎ ከተማ ከንቲባ የባይረን ብራውን ደጋፊዎች ስሙ የተቀረጸበት ማኅተም ይዘው ገብተው ወረቀቱ ላይ መቱ። ግን እነዚህን ሰዎች ልብ ይበሉ። መርካውስኪ ሴናተር፣ ዊሊያምስና ብራውን በሥልጣን ላይ ያሉ ከንቲባዎች፣ ዱጋን በከተማው የታወቀ ባለሥልጣን ነበር። ሁሉም ገንዘብና ሠራዊት ነበራቸው። መንገዱ ለታወቀ ሰው የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው፤ ለማይታወቅ ሰው መግቢያ በር ሲሆን አላየሁም ማለት ይቻላል። የማኅበረሰባችን ዕጩዎች ቀኑ ካለፈባቸው በኋላ «ራይት-ኢን አለ አይደል» ሲሉ ስሰማ የምናደደውም ለዚህ ነው። ለትምህርት ቦርድ በጊዜ ተመዝግቦ ስምን ማሳተም፣ ኋላ ሺህ ሰው ፊደል ከማስጠናት እጅግ ይቀላል።

ስለዚህ ለእርስዎ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው። «ጻፉልን» ሲባሉ መጀመሪያ «ለራይት-ኢን ተመዝግበሃል? ስምህስ በላቲን እንዴት ነው የተመዘገበው?» ብለው ይጠይቁት። ሁለቱን መመለስ ካልቻለ አይጻፉለት፤ ከታተሙት መካከል የሚስማማዎትን ይምረጡ። ከመለሰ ስሙን በእጁ ጽፎ ይስጥዎት። የመልእክት መተግበሪያ ላይ የተላለፈ ፎቶ አይበቃም፤ ሜሪላንድን ጨምሮ በብዙ ስቴቶች ምርጫ ክፍሉ ውስጥ ስልክ መጠቀም ክልክል ነው፣ ለራስዎ ብቻ የሚያዩት ብጣሽ ወረቀት ግን አያስቸግርም። ለሌላ ሰው እዚያ ውስጥ አያድሉት፤ እሱ ቅስቀሳ ይሆናል። ስሙ የታተመበት ተለጣፊ ቢሰጥዎትም አይለጥፉ፤ ስካነሩ ውስጥ ይጣበቃል፣ የማይፈቅዱ ስቴቶችም አሉ።

የናሙናው ወረቀት ከምርጫው በፊት ቤትዎ ሲመጣ አይጣሉት፤ ውድድሩ የትኛው ገጽ፣ የትኛው ረድፍ ላይ እንዳለ በእሱ ላይ ምልክት ያድርጉ። ዋናው ሲመጣ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ የለብዎትም፤ ሳይደክምዎት መጀመሪያ ወደዚያ ገጽ ይሂዱ፣ ክቡን ያጥቁሩ፣ ከዚያ ስሙን ይጻፉ። አጥቁሮ መጻፍ እንጂ ጽፎ ማጥቆር አላልኩም፤ የሚረሳው ክቡ ስለሆነ ነው። ከተሳሳቱ በላዩ ላይ አይሰርዙ፤ ምርጫ ጣቢያ ከሆኑ ሳያስገቡት ለሠራተኛው መልሰው ሌላ ይጠይቁ፤ በፖስታ ቤት ከሆነም ሳይልኩት በፊት የካውንቲውን ምርጫ ቦርድ ምትክ ይጠይቁ። ከገባ በኋላ ማረሚያ የለውም፤ የባለፈውም እንደዚያው።

በላቲን መጻፉ ከከበደዎት ብቻዎን አይታገሉ። የፌዴራሉ ሕግ ማየት፣ ማንበብ ወይም መጻፍ የሚቸግረው መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ የማይቻለው አሠሪዎን ወይም ወኪሉን፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበርዎን ኃላፊ ወይም ወኪል ነው። ልጅዎ ትችላለች። ማንን እንደሚመርጡ እርስዎ ይንገሯት፣ ፊደሉን እሷ ትጻፍ፤ ክቡ መጥቆሩን ግን በራስዎ ዓይን አይተው ይውጡ።